የሌሊት ምስክር፤ በጥቂት ገንዘብ ስለሚሠራ አስፈሪ ፊልም

በአገራችን ሌሊት ያጋጠመውን አስፈሪ ነገር የሚተርክ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የጋኔኑን መልክ አይደለም፤ ቦታው የት እንደ ሆነ፣ ሰዓቱ ስንት እንደ ነበር፣ አብሮት ማን እንደ ነበረ፣ ይልቁንም ቀማምሶ ይመለስ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነው። ተራኪውም ይህ መስቀለኛ ጥያቄ እንደማይቀርለት ስለሚያውቅ ወሬውን ከጋኔኑ አይጀምርም፤ ከድልድዩ ወዲህ፣ ከወፍጮ ቤቱ በስተጀርባ፣ ዶሮ ሳይጮኽ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ጭቃውን ሲሻገር እንደ ነበር ይናገራል። ለነገሩ ምንም የማይጨምረው ይህ የጫማ ወሬ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሰሚውን ልብ ይይዛል፤ ሐሰተኛ ሰው ጋኔን መፍጠር አያቅተውም፣ በእጅ የተያዘ ጫማ መፍጠር ግን አይሆንለትምና።

እንግዲህ አስፈሪ ወሬ የሚሰማበት ሸንጎ የምስክር ሸንጎ ነው፤ ሰሚው ዳኛ፣ ተራኪው ምስክር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻውም በጥቂት ገንዘብ፣ ያለ ትልቅ ድርጅት ርዳታ የሚሠራ አስፈሪ ፊልም የሚዳኘው በዚሁ ሕግ መሆኑን ነው። የሚሠምረው እንደ እውነተኛ ምስክር ሲናገር፣ የሚወድቀውም በሐሰት ሲመሰክር ነው፤ ለምስክር ደግሞ የሚያስፈልገው መታመን እንጂ ሀብት አይደለም።

የአማርኛ ፊልም ከሴሉሎይድ ወደ ቪዲዮ፣ ከቪዲዮም ወደ ዲጂታል ካሜራ ከተሻገረ ወዲህ የፍቅሩና የኮሜዲው ፊልም አዳራሹን ሲሞላው፣ ልብ አንጠልጣይ የሚባለውም የራሱን ወንበር ሲያገኝ፣ ሰዉ በተለምዶ ሆረር የሚለው አስፈሪው ፊልም ግን ከደጅ እንደ ቆመ ነው። ስለ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ሜካፑ፣ ኢፌክቱ፣ መብራቱ፣ ካሜራው በምን ገንዘብ ይገዛል የሚል ነው። ይህ ምክንያት በሚዛን ሲቀመጥ ይቀላል። የፍቅር ፊልም የሚያምር ቤትና የሚያምር መኪና ይሻል፤ የታሪክ ፊልም ፈረስና ጎራዴ፣ የዘመኑንም አልባሳት ይጠይቃል፤ አስፈሪ ፊልም ግን ከጨለማ፣ ከድምፅና ከትዕግሥት በቀር የግድ የሚለው ነገር የለም፤ መብራት በሚሄድበት ከተማም ጨለማ በነፃ ይገኛል። ስለዚህ ከፊልም ዓይነቶች ሁሉ ለድሀ የቀረበውን፣ ድህነትን ምክንያት አድርጎ መተው ተገቢ ሆኖ አይታየኝም።

ይህም በሌላው ዓለም ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። በፒትስበርግ ከተማ የማስታወቂያ ፊልም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ሮሜሮ ከባልንጀሮቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ በ114,000 ዶላር ያህል ወጪ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውን ፊልም ሲሠራ፣ በጥቁርና ነጭ ስለ ቀረጸው ለደም የቸኮላት ሽሮፕ በቃው፤ ታሪኩ የሚፈጸምበት የገጠር ቤትም ሊፈርስ የተወሰነበት ስለ ነበር መስኮቱ ቢሰበር፣ በሩ ቢገነጠል የሚከስ አልነበረም። ይሁን እንጂ ተመልካቹን ያስጨነቁት ከመቃብር የተነሡት ሙታን ብቻ አልነበሩም። በዚያ ቤት የተከበቡት ሰዎች በአንድ በር መዘጋት እንኳ መስማማት ተስኗቸው ሲጠፉ፣ ሌሊቱን በብልሃቱ ተሻግሮ ያነጋው ጥቁር ሰው ደግሞ ሲነጋ በአዳኞች ጥይት ወደቀ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት በዚያው ዓመት ይህን ያየ አሜሪካዊ ፊልሙን ከዜናው ለይቶ ለማየት ይቸግረው ነበር። ሮሜሮ የመሰከረው ስለ ሙታን ሳይሆን ስለ ገዛ አገሩ ሕያዋን ስለ ነበር ታመነ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «የብሌር ጠንቋይ» ከዚህ ይልቅ ድሀ ነበር። በሜሪላንድ ጫካ ውስጥ በ8 ቀን ሲቀረጽ ካሜራውን የያዙት ተዋንያኑ ራሳቸው ነበሩ፤ ፊልሙም በዓለም ዙሪያ ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። ጠንቋይቱ ከመጀመሪያ እስከ ፍጻሜ አትታይም። ነገር ግን በፊልሙ መግቢያ ላይ ቃላቸውን ከሚሰጡት የአካባቢው ሰዎች አንዱ፣ በድሮ ጊዜ ሕፃናትን ይገድል የነበረ ሰው አንዱን ሲገድል ሌላውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያቆመው እንደ ነበር እንደ ዋዛ ተናግሮ ያልፋል፤ ተመልካቹም ይህን ቃል ሰምቶ ይረሳዋል። በመጨረሻው ደቂቃ ካሜራው እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ ምድር ክፍል ሲወርድ ከወጣቶቹ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ጥግ አዙሮ ቆሞ ይታያል፤ ፊልሙም እዚያው ላይ ይቆማል። ጭንብል የለም፣ ያልተለመደ መብራት የለም፤ ያለው አስቀድሞ የተነገረ አንድ የምስክር ቃል ብቻ ነው። ሰውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለማቆም ደግሞ ሳንቲም አይጠየቅም።

ኦሬን ፔሊም እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ባሳየው ፊልሙ በሳንዲያጎ በሚገኘው በገዛ ቤቱ፣ በ15,000 ዶላር ያህል፣ ካሜራውን ከመኝታው ግርጌ ተክሎ ዝም ብሎ እንዲያይ አደረገው። የማይንቀሳቀስ ካሜራ የተመልካቹን ዓይን ያንቀሳቅሰዋልና፣ በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ በሩን፣ መጋረጃውን፣ የአልጋውን ልብስ በየተራ ሲመረምር ፍርሃቱን ራሱ ሠርቶ ራሱ ይጠጣዋል። ከአህጉራችንም እ.ኤ.አ. በ1992 በኢቦ ቋንቋ በቪዲዮ ካሴት የወጣውና የናይጄሪያን የቪዲዮ ፊልም ገበያ በር የከፈተው «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» ይጠቀሳል። ለሀብት ሲል ሚስቱን የሠዋ ሰው የሚስቱ መንፈስ እየተከተለ ሲያሳድደው የሚያሳይ ነው። ምስሉ ጥራት ባይኖረውም፣ «ይህ ሰው በአንድ ሌሊት ከየት አምጥቶ ከበረ?» የሚለው በየሰፈሩ በሹክሹክታ የሚነገር ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ ስለ ነበር ሕዝቡ ካሴቱን ተሻምቶ ገዛው።

ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ መጥቀሴ በቤታችን ምሳሌ ጠፍቶ አይደለም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁን በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ እኩዩን ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉት ነበር። ይህ ሥርዓት ለትምህርት የተደረገ ቢሆንም የፍርሃትን ባሕርይ ጠንቅቆ ያወቀ እጅ የሠራው ይመስለኛል። ሙሉውን የሚታይ ፊት ምንም ቢከፋ ይለመዳል፤ ግማሹ የተሰወረው ግን ያ የማናየው ዓይን ወዴት እንደሚመለከት ሳናውቅ በፊቱ እንድናልፍ ያደርገናል። ዛሬ የላቴክስ ጭንብል ለመግዛት ገንዘብ አጣሁ የሚል ፊልም ሠሪ፣ ተዋናዩን በጎን አቁሞ ግማሽ ፊቱን ለጨለማው ቢተውለት አባቶቹ በቀለም የፈጸሙትን በብርሃን ይፈጽመዋል።

በተአምረ ማርያም ያለውን፣ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ደግሞ እንደ ፊልም ሠሪ ሆኖ ያዳመጠ ሰው ብዙ ይማርበታል። ሰውዬው ቤተ ሰቡን ጭምር 78 ነፍስ የበላ ነው፤ ተራኪው ግን በመብላቱ ላይ አይዘገይም፤ ቁጥሩን በትክክል ተናግሮ ያልፋል። የሚዘገየው በመንገድ ዳር በቁስል የተመታ፣ በውሃ ጥም የተቃጠለ አንድ ድሀ፣ ከፊቱ የቆመው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ «አጠጣኝ» ብሎ ሲለምነው ባለው ጊዜ ላይ ነው። ሰሚው ያውቃል፤ ድሀው አያውቅም፤ በዚህ በማወቅና ባለማወቅ መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ምእመኑ ሁሉ እስትንፋሱን ይሰበስባል። በመጨረሻም በእመቤታችን ስም የተሰጠችው ጥርኝ ውሃ ከ78ቱ ነፍስ ጋር ስትመዘን የሚፈጸመውን አንባቢ ያውቀዋል። እዚህ ላይ የተገለጠው ሁለተኛው ምስጢር፣ ፍርሃት ሕግ እንደሚያስፈልገው ነው። የሚመዘን ኀጢአትና የሚመዝን ሚዛን በሌለበት ታሪክ ውስጥ ጩኸትና ሁከት ሊኖር ይችላል እንጂ ፍርሃት አይኖርም፤ ሰው የሚፈራው ዕዳ እንዳለበት ሲያውቅ ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ፣ የእኛ ዘመን ዕዳና ሚዛን ያለው የት ነው የሚለው ነው። ለዚህ መልሱን በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ዛሬ ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አገኘዋለሁ። ለዓይን እንኳ ቢሆን እነዚህ ሥፍራዎች ለአስፈሪ ፊልም የተሰናዱ ናቸው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ በተዘረጋው ብርዳም ሜዳ ላይ፣ ማለዳ ሯጮች ከጉሙ ውስጥ እግራቸው ቀድሞ ተሰምቶ መልካቸው በኋላ የሚታይበት አገር ነው፤ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያቀርቡት ግድቦች በቀደምትነት ከሚጠቀሰው ከገፈርሳ ጋር ይዋሰናል፤ ሰበታም በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ስትገኝ፣ በአቅራቢያዋ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን አለ።

ነገር ግን ጉምና ደን ጌጥ ናቸው፤ የፍርሃቱ ምንጭ ከዚያ በታች፣ ከመሬቱ ነው። በእነዚህ ከተሞች ዳር የሚኖር ሰው ሌሊት የሚያስጨንቀውን ቢጠየቅ ጭራቅ አይልም። ጨረቃ ቤት የሚባለውን፣ ሳይነጋ ቆርቆሮው ተመትቶ ያለቀውን ጎጆ የሠራ ሰው የሚፈራው የማለዳ በር ማንኳኳትን ነው። ሊፈርስ በታሰበ ቤት ላይ በቀለም ምልክት የማድረግ ልማድ ስላለ፣ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የገዛ አጥሩን ይመለከታል። ቦታ የገዛው ያንኑ ቦታ ደላላው ለሌላ ሰው ሸጦት እንደ ሆነ እየጠረጠረ ያድራል፤ ብሎኬቱ ተደርድሮ በርና መስኮት ሳይገጠምለት ዓመታት ያስቆጠረው ጅምር ቤት ደግሞ ማን ያድርበት እንደ ሆነ ጎረቤቱ እንኳ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ትናንት ያረሰበትን መሬት ዛሬ ካፖርት ለብሶ ባትሪ ይዞ በጥበቃነት የሚያድርበት ገበሬ አለ፤ ይህ ሰው ከግቢው ወለል በታች ምን እንዳለ ያውቃል፤ የቤቱ ባለቤቶች ግን አያውቁም። ከበላዔ ሰብእ ታሪክ እንዳየነው፣ ፍርሃት የሚኖረው በሚያውቅና በማያውቅ ሰው መካከል ነው።

ነገሩን በሐተታ ብቻ እንዳልተወው አንድ ትዕይንት ላቅርብ። ከአዲስ አበባ ወጥተው ገና ልስኑ ባልደረቀ የቡራዩ ቤት የገቡ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አሉ እንበል፤ ቤቱን ሲገዙ ጥበቃውን ጋሽ ቶላን አብረው ተረክበዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስቲቱ ረከቦቱን ከግቢው ጥግ ስታስቀምጥ ሽማግሌው ቀረብ ይሉና፣

«እትዬ፣ ወዲህ ቢያደርጉት» ይላሉ።

«ለምን ጋሽ ቶላ? እዚህ እኮ ነፋስ አይገባም።»

«ግዴለም። እዚያ ቡና አይፈላም።»

ከዚህ በላይ አይናገሩም፤ ዱላቸውን አንሥተው ወደ በራቸው ይመለሳሉ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙ ሕግ አለው፤ ተመልካቹም ያንን ጥግ አይረሳውም። በሚቀጥለው እሑድ ሚስቲቱ፣ ግማሹ በእልኸኝነት ግማሹ በመርሳት፣ ቡናውን እዚያው ታፈላለች፤ ምንም አይሆንም፤ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ። ሲኒው ሲነሣ ግን፣ ለአራት ሰው ተቀድቶ ሳለ አምስተኛው ሲኒ ከሥሩ አተላ ይዞ፣ ከንፈሩ ረጥቦ ይገኛል። ካሜራው በዚህ ሲኒ ላይ መዘግየት የለበትም፤ ሴትዮዋ አይታው፣ ምናልባት ልጆቹ ይሆናሉ ብላ ከሌሎቹ ጋር ታጥበዋለች። የጋሽ ቶላ ወላጆች በዚያ ጥግ እንዳረፉ፣ እርሳቸውም ሽያጩ እንዳይበላሽ ብለው በዝምታቸው እንደ ተባበሩ፣ ይህም ዝምታ ዕዳ ሆኖ በባለቤቶቹም በእርሳቸውም ላይ እንደ ወደቀ የሚታወቀው ወደ ፍጻሜው ነው፤ ጥፋተኛውም ማን እንደ ሆነ ፈርዶ መውጣት ለተመልካቹ ይተዋል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ አንድ ግቢ፣ አምስት ተዋንያንና አንድ ደርዘን ሲኒ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ቃል መናገር ይገባል። ጋሽ ቶላ ለቤቱ ሰዎች በአማርኛ ይናገራሉ፤ ከወንድማቸው ጋር በአጥሩ ቀዳዳ ሲነጋገሩ ግን በኦሮምኛ ነው መሆን ያለበት፤ በእነዚህ ከተሞች ሕይወቱ እንዲህ ነውና። ለገበያ ሲባል ሁሉንም በአማርኛ ማናገር ምስክሩን ከነቃሉ መለወጥ ነው። ከምስሉ ግርጌ ጽሑፍ ማስፈር ገንዘብ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ባለቤቶቹ የማይሰሙትን ንግግር ተመልካቹ እንዲያነበው ሲደረግ ያ የማወቅና ያለማወቅ ርቀት በራሱ ይሰፋል።

ከምስሉ ይልቅ ግን ፊልማችን የሚጎዳው በድምፅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬድዮ ሲተርክ አገሩን ሁሉ ከሬድዮው አጠገብ ያስቀመጠው ያለ አንዲት ሥዕል፣ በድምፁ ብቻ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ ለካሜራ የምናወጣውን ግማሹን እንኳ ለማይክሮፎን አለማውጣታችን ያስገርማል። ሰበታ ዕውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ፊልም ሠሪ ነኝ የሚል ወጣት የሠራውን ፊልም ይዞ ከዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን ፊት በማቅረብ፣ ታሪኩ በጆሮ ብቻ ይያዝ እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ ከማንኛውም የፊልም ሐያሲ የማያገኘውን ፍርድ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ድምፅ ስንልም የአገሩ ድምፅ ማለታችን ነው። በቡራዩ ሌሊት የተኩላ ጩኸት ከባዕድ አገር የድምፅ ክምችት ቀድቶ የሚያስገባ ሰው ራሱን አጋልጧል። ጅብም ቢሆን የከተማ ዳር ሰው ሌሊት ሌሊት የሚሰማው የለመደው ጎረቤት ስለ ሆነ ብዙ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ የቆዩት የሰፈሩ ውሾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲሉ ነው። ቀን በፀሐይ የጋለው ቆርቆሮ በሱሉልታ ብርድ ሲኮማተር ጣራው ላይ ሰው የረገጠ ያህል ይንቋቋል፤ የቤቱ ሰው ይህን ያውቀዋልና አይደነግጥም፤ እንግዲያስ ፊልሙ ይህን ድምፅ ሁለት ሦስት ጊዜ አሰምቶ ካለመደን በኋላ፣ በአራተኛው ላይ ኮቴው ከጣራው ጫፍ ወደ ጫፍ ቢሄድ በቂ ነው። ሙዚቃው ደግሞ በየደቂቃው «አሁን ፍሩ» እያለ የሚያዝ መሆኑ ቢቀር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1942 በሆሊውድ ከ150,000 ዶላር እንዳያልፍ ታዞ «ካት ፒፕል» የተባለውን ፊልም ያሠራው ቫል ሉተን፣ ሌሊት ብቻዋን በመዋኛ ውሃ ውስጥ ያለችን ሴት ያስፈራራው በግድግዳው ላይ በሚንቀሳቀስ የውሃ ነጸብራቅ፣ በአንድ ጥላና በአንድ የአውሬ ማጉረምረም ብቻ ነበር፤ በዚያ ትዕይንት አውሬውን በግልጽ ያየው ሰው የለም።

የሐሰት ምስክርነት ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱን መተላለፍ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ፣ አስፈሪ ፊልም ሰውን በሐሰት ሊከስስ እንደሚችልም ማወቅ አለበት። በአገራችን ቡዳ የሚለው ስም በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በሸማኔው ላይ እየተለጠፈ ስንት ንጹሕ ሰው ከማኅበር እንዳስለየ የታወቀ ነው፤ ይህን ወሬ እንደ ወረደ ተቀብሎ ቀጥቃጩን በፊልም ጅብ የሚያደርግ ሰው የሚመሰክረው በድሀ ላይ ነው። ገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ያለበት ሥፍራ ስለ ሆነም ሕመምተኛውን ጭራቅ አድርጎ ማቅረብ ለሰነፍ ደራሲ ይቀርበው ይሆናል፤ ነገር ግን ታማሚው የሚያስፈራ ሳይሆን የሚፈራ ሰው ነው። በዛፍ ሥር የሚፈጸመውን የጎረቤትን ሥርዓተ አምልኮ የጠንቋይ ድግስ ማስመሰልም እንዲሁ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ በደል ታሪካችን ራሱ አስፈሪ ምሳሌ ትቶልናል። ሌባ ሻይ በሚባለው የቀድሞ ልማድ፣ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ በየመንደሩ ሲንከራተት፣ ከደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባል ነበር። እዚህ ላይ የሚያስፈራው ሌባው ወይም ልጁ አይደለም፤ ያ ልጅ ወደ ቤቱ ሲቃረብ የሚያይ ንጹሕ ሰው ያለበት ጭንቅ ነው፤ ምስክሩ መስቀለኛ ጥያቄ የማይቀርብለት ምስክር ነውና። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው የሚሄዱበትን የጥንት የዳኝነት ልማድ ለፊልም አብቅቶ እንዳሳየን፣ ሌባ ሻይንም ከንጹሑ ሰው ወገን ቆሞ የሚተርክ ፊልም ቢገኝ ከየትኛውም የባዕድ ጭራቅ ይልቅ ያስጨንቀናል።

የሚቃወሙኝ እንደሚኖሩ አላጣሁትም። አንዳንዱ፣ ሕዝባችን በኑሮው የተጨነቀ ስለ ሆነ ወደ ሲኒማ የሚሄደው ለመሳቅ ነው ይላል። የተጨነቀ ሰው መሳቅ እንደሚሻ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን በአጥሩ ላይ የቀለም ምልክት እየጠበቀ ለሚያድር ሰው፣ ያ ፍርሃቱ ስምና ገጽ ተሰጥቶት ከሌሎች ሰዎች ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ሲያየው፣ ብቻውን እንዳልሆነ ማወቁ ከሳቅ የማያንስ ዕረፍት ነው። ሌላው ደግሞ በፊልም አጋንንትን መጥራት ነውር ነው ይላል። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበር ይነገራል፤ ሥጋቱ የቆየ ነው። ይሁን እንጂ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ዲያብሎስ በሰንሰለት ታስሮ በእሳት ተከብቦ ተሥሏል፤ ወርዝልያ የተባለች ሕፃናትን የምትገድል ጋኔን በቅዱስ ሱስንዮስ ጦር መውደቋም በየክታቡ ተጽፏል። አባቶቻችን የክፋትን ገጽ ማሳየትን አልፈሩም፤ የፈሩት ክፋትን ያለ ፍርድ ማሳየትን ነው። ዛሬም አስፈሪ ፊልም የሚሠራ ሰው ከዚህ ወሰን ካልወጣ የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ጥቂት ገንዘብ ላለው ወጣት የምመክረው የወጪውን ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ለማይክሮፎንና ድምፅ ለሚቀርጽ ሰው ያውጣ፤ ቀጥሎ ለጊዜ ያውጣ፤ ይኸውም በአንድ ሌሊት ከመጣደፍ ይልቅ በዚያው ቤት ብዙ ሌሊት ለማደር የሚያስችለውን የምግብና የትራንስፖርት ወጪ ነው፤ ከዚያ ለተዋንያኑና ቤቱን ላዋሱት ሰዎች ድርሻቸውን ይስጥ፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ለጭራቁ ይበቃል። በሚቀርጽበት ሰፈር መሬቱን ያረሱትን ሽማግሌዎች፣ ጥበቃዎቹን፣ ውሃ የምትቀዳዋን ሴት ሳይጠይቅ ድርሰቱን አይጨርስ፤ በእጅ የተያዘው ጫማ የሚገኘው ከእነርሱ ነውና። መማሪያም ቢሻ የሮሜሮ ፊልም አለለት፤ ርእሱ ሲለወጥ የባለቤትነት ማስታወቂያው ሳይጻፍ ስለ ቀረ በአሜሪካ ሕግ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ የሚጠይቀውም ክፍያ የለም። የእኛው ኃይሌ ገሪማም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966ቱ አብዮት ሰሞን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በጥቂት ሳምንታት፣ በጥቂት ገንዘብ ሲቀርጽ ዋና ነገሩ ያው የመሬት ጉዳይ እንደ ነበር ማስታወስ ይጠቅማል።

ፊልሙ ሲያልቅም ወደ አዲስ አበባ አዳራሾች ከመሮጥ በፊት በተሠራበት ከተማ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ በሚገኝ በማንኛውም አዳራሽ፣ ግድግዳና ፕሮጀክተር ባለበት ቦታ ሁሉ ለአገሩ ሰው ይታይ፤ ሲያበቃም መብራት በርቶ ሕዝቡ ይጠይቅ። «ውሻው በዚያ ሰዓት ለምን አልጮኸም? ያ በር ወደ ውስጥ ነው እንጂ ወደ ውጭ መቼ ይከፈታል? እንዲህ ያለ ጥበቃ ጌታውን እንዲህ ብሎ አይጠራም» የሚሉ ሰዎች አይታጡም፤ ፊልም ሠሪውም ሳይከራከር ጽፎ ይያዝ፤ የሚታረመውን ለማረም ሁለት ተጨማሪ ሌሊት ቢያስፈልገው ይመለስና ይቅረጸው። የአገሩ ሰው በመስቀለኛ ጥያቄ መርምሮ ያላፈረሰውን ቃል ሌላው ተመልካች በቀላሉ አያፈርሰውም፤ ይህን ፈተና ያለፈ ፊልምም በስንት ብር እንደ ተሠራ የሚጠይቀው አይኖርም።